ግማሽ ጥርኝ፣ ግማሽ ጉሬዛ፦ ለሳይንስ ክበብ የሚሠራ ምናባዊ እንስሳ

ሳይንስ ክበብ ጅማ (ጥያቄ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እዚህ ጅማ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ለዓመቱ መዝጊያ ኤግዚቢሽን አንድ ሥራ ይዘዋል። ከአካባቢያችን ሁለት የዱር እንስሳት መርጠው፣ ከሁለቱ በተፈጥሮ የሌለ አንድ እንስሳ ፈጥረው በቁመናው ልክ ሠርተው ማቆም ነው። እጅ አውጥተው ጥርኝንና ጉሬዛን መረጡ፤ ስሙንም «ጉርኝ» አሉት። «ጥሬዛ» የሚልም ቀርቦ ነበር፣ የሴት ስም ይመስላል ተብሎ ወደቀ።

መጠኑ፦ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ሥር 75 ሳ.ሜ.፣ ጅራቱ 70 ሳ.ሜ.፣ ትከሻው ላይ 40 ሳ.ሜ. ከፍታ። ልጆቹ የጻፉለት ኑሮ ደግሞ ይህ ነው፦ ቀን ዛፍ ላይ ቅጠል ይበላል፣ ሌሊት ወርዶ ቀይ ቡና ይለቅማል፣ የቡናውን ፍሬ ከኩሱ ጋር ይጥላል፣ በጅራቱ ቅርንጫፍ ጠምዝዞ ይንጠለጠላል፣ ዝባድም ይሰጣል።

የመጀመሪያው ሙከራ በቀጭን ሽቦ፣ በጋዜጣና በዱቄት ሙጫ ተሠርቶ ተበላሽቷል። አንገቱ በሁለተኛው ቀን ወደ ፊት ተደፋ። ሆዱ በተጨማደደ ጋዜጣ የተሞላ ስለነበር በሳምንቱ አረንጓዴ ሻጋታ አወጣ። ለጎፈሩ የተለጠፈው ጥጥ ተድበልብሎ በግ አስመሰለው። እንደገና ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ማወቅ እንፈልጋለን፦ እንስሳው በሥነ ሕይወት ዓይን የሚያስቅ እንዳይሆን ምኑን ከየትኛው እንውሰድ? በጅማ እርጥበት ሳይሻግት የሚቆመውስ እንዴት ነው? በጀቱ ትንሽ ነው፤ ክረምቱም ገብቷል።


አውሬ ቆጣሪ

ከስሙ ልጀምር። ማብራሪያ ካርዱ ላይ «ዲቃላ» ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ በቤታችን ስድብ ነው። «ድቅል» የሚለውን ገበሬው ከድቅል በቆሎ ጋር ለምዶታል። ጉርኝ ግን ድቅልም አይባልም። ድቅል የሚወለደው ከተቀራረቡ ዘመዳሞች ነው። ፈረስ 64 ክሮሞዞም አለው፣ አህያ 62፣ በቅሎ 63 ይዛ ትወለዳለች፤ ጎደሎ ቁጥር ስለሆነ ዘር ሲሠራ እኩል አይከፈልም፣ በቅሎም መካን ናት። አዋሽ ፓርክ አካባቢ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮዎች ድንበር ለድንበር ስለሚኖሩ ይዳቀላሉ፣ ልጆቻቸውም ይወልዳሉ። ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮ ከገበሬው ውሻ መዳቀሉ አንዱ ስጋት ነው። ጥርኝና ጉሬዛ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፦ አንዱ ከሥጋ በሎች ክፍለ መደብ፣ ሌላው ከእነ ጦጣ ወገን። የሁለቱ የዘር ሐረግ ከተለያየ ከ80 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ካርዱ ላይ «ምናባዊ ቅይጥ» ብትሉ ትክክል ነው፤ በጉልህ ይጻፍ፣ የሚያምን ጎብኚ አይጠፋምና። ስሙን በኦሮምኛም መጻፍ ካሰባችሁ ጥርኝ ጥሪኚ፣ ጉሬዛ ዌኒ ነው፤ ልጆቹ ከእነዚህ ሁለተኛ ስም ያውጡለት።

ወደ አካሉ ስንመጣ ምናባዊ እንስሳ የሚያስቀው ክፍሎቹ ከየትም ተለቅመው እርስ በርሳቸው የማያውቁ ሲመስሉ ነው። የበግ ጥርስ ከአንበሳ ጥፍር ጋር ብታደርጉት ያን ጥፍር ምን ሊበላበት ነው ይባላል። ስለዚህ ከሁለቱ ግማሽ ግማሽ እየቆረሳችሁ አትለጥፉ፤ አንድን ሥርዓት ሙሉውን ከአንድ እንስሳ ውሰዱ። የእኔ አከፋፈል፦ አመጋገቡ በሙሉ፣ ማለትም አፍ፣ ጥርስ፣ ሆድ፣ ኩስና ማሽተት፣ ከጥርኝ። አካሄዱ በሙሉ፣ ማለትም እጅ፣ እግር፣ ጣትና ጅራት፣ ከጉሬዛ። ቆዳውን ከሁለቱም መቀላቀል ይቻላል፣ ጸጉር ከአጥንት ጋር አይጣላም።

አካሄዱን ከጉሬዛ ከወሰዳችሁ የሚከተሉት ግዴታ ይሆናሉ። እጁ አውራ ጣት የለውም፣ ወይም ቁራጭ ጉጥ ብቻ ናት፤ አራቱን ጣት እንደ መንጠቆ ቅርንጫፍ ላይ ይጥላል። የእግሩ አውራ ጣት ግን አለ፣ ለብቻው ወደ ጎን ይከፈታል። ተማሪ ሲሠራ ሁልጊዜ የሚገለብጠው ይህንን ነው፦ እጁ ላይ አምስት፣ እግሩ ላይ አራት። ጥፍሩ እንደ ሰው ጠፍጣፋ ነው፣ የጥርኝ ሹል ጥፍር አይደለም። የኋላ እግሩ ከፊተኛው ይረዝማል፤ ጥርኝም ዳሌው ከትከሻው ከፍ ይላልና በዚህ ሁለቱ ይስማማሉ። ትከሻ 40 ካላችሁ ዳሌውን 48 አድርጉት።

ጅራቱ አይጠመዘዝም። በጅራት ቅርንጫፍ የሚይዙት በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ ያሉ ዝንጀሮዎች ናቸው፤ በአፍሪካ ያለ ጦጣም ሆነ ጉሬዛ አያደርገውም። 70 ሳ.ሜ. ያላችሁት ግን ትክክል ነው፦ የጉሬዛ ጅራት ከ52 እስከ 100 ሳ.ሜ. ይደርሳል፣ የጥርኝ ከ34 እስከ 47 ብቻ ነው። ሲቀመጥ ቀጥ ብሎ እንደ ደወል ገመድ ይውረድ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ጭራ ይኑረው።

ጥርሱ ከጥርኝ ከሆነ 40 ነው፦ በእያንዳንዱ ሩብ መንጋጋ ሦስት ፊት ጥርስ፣ አንድ ክራንቻ፣ አራት ንዑስ መንጋጋ፣ ሁለት ዋና መንጋጋ። ጉሬዛ እንደ ሰው 32 ነው። 40 ጥርስ በጉሬዛ አጭር ፊት አይገባም። ስለዚህ አፈሙዙ ከዓይን ጀምሮ ወደ ፊት 7 ወይም 8 ሳ.ሜ. ይውጣ።


ሐኪመ እንስሳ

አውሬ ቆጣሪ ባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የልጆቹ ታሪክ ትልቁ ስንጥቅ ሆዱ ነው። «ቀን ቅጠል፣ ሌሊት ቀይ ቡና» የሚለው አንድ ሆድ ውስጥ አብሮ አይኖርም።

የጉሬዛ ጨጓራ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው። የፊተኛው ክፍል ውስጥ ባክቴሪያዎች ቅጠሉን ያብላሉለታል፣ እንደ ላም ሆድ ማለት ነው፣ ማመስኳቱ ብቻ ይቀራል። ለዚህ ነው ከቀኑ ግማሽ በላይ ተቀምጦ የሚውለው። እዚያ ሆድ ውስጥ በስኳር የተሞላ የበሰለ ፍሬ በብዛት ቢገባ ባክቴሪያዎቹ በጥድፊያ አብላልተው አሲድ ያደርጉታል። ላም ጎተራ ሰብራ እህል ስትበላ የሚደርስባትን ያየ ገበሬ ይህን ያለ አስተማሪ ይረዳዋል፦ ሆዷ ይነፋል፣ ትቆማለች፣ ካልታከመች ትሞታለች። ጉሬዛ ፍሬ ሲበላም አብዛኛውን ጥሬውን የሚመርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥርኝ ቀላል ሆድና አጭር አንጀት ነው ያለው። ፍሬ፣ ነፍሳት፣ እንቁላል፣ አይጥ፣ በክት ሁሉ ይበላል። ቀይ ቡናን እንዳለ ይውጣል፣ ሥጋው ይፈጫል፣ ፍሬው ከነገለፈቱ ይወጣል። ስለዚህ ልጆቹ ቡናውን ከፈለጉ ቅጠሉን ይተዉ። ቡናውን መተው ጅማ ላይ የሚታሰብ አይመስለኝም።

ይህ ምርጫ የሞዴሉን ቅርጽም ይለውጣል። ቅጠል በሊ ሆዱ ወደ ታች ተንዘርጦ ይወርዳል፣ የጥርኝ ሆድ ግን ወደ ኋላ እየጠበበ ይሄዳል። የሞዴሉ ሆድ ከደረቱ በስፋት እንዳይበልጥ።

ከዛፉ ሥር አንድ የኩስ ክምር አስቀምጡ። ጥርኝ በተመሳሳይ ቦታ ደጋግሞ ይጥላል፣ ክምሩ ላይ ያለውን ፍሬ በማየት ብቻ በዚያ ወር ጫካው ውስጥ ምን እንደበሰለ ይነበባል። ከሸክላ ጭቃ የአውራ ጣት ውፍረት ያላቸው ቁራጮች ሠርታችሁ እርጥብ ሳሉ 40 ያህል ገለፈቱ ያልተነሳ ቡና ሰክሱባቸው። ጎብኚ መጀመሪያ የሚጎነበሰው እዚያ ላይ ነው።


ጥያቄ አብዛኝ

እኔ ያልገባኝ፣ ሌሊት ቡና የሚለቅም ከሆነ እንደ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ እንዴት ይዘላል? ጉሬዛ በጨለማ አያይም። ሥርዓቱ እዚህ ጋ አልተፋለሰም?


አውሬ ቆጣሪ

ጥሩ ቦታ ነካህ። ዓይን ላይ ሁለቱ መገናኘት አለባቸው። ለመዝለል ርቀት መለካት ያስፈልጋል፣ ለዚያ ሁለቱም ዓይን ወደ ፊት ማየት አለበት፣ ይህ ከጉሬዛ ነው። ለሌሊት ደግሞ ከዓይኑ ጀርባ ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን ያስፈልጋል፤ ጥርኝ፣ ጅብና ድመት ባትሪ ሲበራባቸው ዓይናቸው የሚበራው በእሱ ነው። ጉሬዛ የለውም፣ ሰውም የለውም። ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ግን በተፈጥሮ አለ፦ ጋላጎ የምትባለው ባለ ትልልቅ ዓይን የሌሊት ዘላይ። ዓይኖቿ ወደ ፊት ናቸው፣ በባትሪም ይበራሉ፣ አገራችንም ውስጥ ትገኛለች። ስለዚህ ጉርኝ ዓይኑ ወደ ፊት ዞሮ ቢበራ ማንም ሊከራከር አይችልም። መጠኑን ብቻ ከጥርኝ ትንሽ አሳድጉት።

ኋላ «በጨለማ ቡናው መቅላቱን በምን አወቀ» ብለው የሚጠይቁም ይመጣሉ። በማሽተት ነው የሚያውቀው፤ አመጋገቡ የጥርኝ ነውና። አፍንጫው ትልቅ፣ ጥቁርና እርጥብ መሳይ ይሁን።


ፌሮ ቆራጭ

ስለ አጥንቱ እኔ ልናገር።

አንገቱ የተደፋው በሁለት ምክንያት ነው። ሽቦው ነጠላ ስለሆነ ጭንቅላቱ ዙሪያውን ይሽከረከራል። ደግሞ ጭንቅላቱ እዚያው አንገቱ ላይ እያለ ነው እርጥብ ወረቀት የተለጠፈበት፣ እርጥብ ወረቀት ደግሞ ከደረቀው እጥፍና ከዚያ በላይ ይከብዳል። ሲደርቅ ቢቀልም ሽቦው አንዴ ከጎበጠ አይመለስም።

ባለ 8 ፌሮ (8 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው የአርማታ ብረት) ተጠቀሙ። ለአከርካሪው 80 ሳ.ሜ. (12ቱ ጭንቅላት ውስጥ ይገባል)። ለፊት እግሮች አንድ 130 ሳ.ሜ. ቁራጭ እንደ ገልባጣ «ሀ» ታጥፎ፣ ለኋላ እግሮች 150 ሳ.ሜ. በዚያው መልክ። የኋላው የረዘመው ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ላይ ስለሚታጠፍ ነው። በድምሩ 3 ሜትር ከ60 ነው። ባለ 8 ፌሮ በሜትር 0.395 ኪሎ ስለሆነ አጠቃላዩ 1.4 ኪሎ ይመጣል። ሙሉ ቤርጋ 12 ሜትር ነው፣ አትግዙ፤ ግንባታ ቦታ የሚጣል ቁርጥራጭ ይበቃል። ከነዚያ ቁርጥራጮች የዛገውን በሽቦ ብሩሽ ፍቁት፣ ካልሆነ ዝገቱ በነጩ ጎፈር በኩል ቡናማ ሆኖ ይወጣል።

ለጅራቱ ባለ 6 ይበቃል። 70 ለጅራቱ፣ 25 ከአከርካሪው ጋር ለሚደረበው፣ 95 ሳ.ሜ.። መጋጠሚያዎቹን የሚበይድ ካገኛችሁ መልካም፤ ካልተገኘ ቢያንስ 20 ሳ.ሜ. አደራርባችሁ በአርማታ ማሰሪያ ሽቦ በሦስት ቦታ በፒንሳ አጥብቁ። በአንድ ቦታ የታሰረ ይዞራል።

እግሮቹ ከመዳፉ በታች 10 ሳ.ሜ. ተርፈው ይውጡ፣ እነሱ ናቸው መቆሚያው ውስጥ የሚገቡት። ለመቆሚያ ቡና ሲጎነደል የሚወጣ አሮጌ ግንድ ፈልጉ። 10 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው የቡና እንጨት ጠንካራ ነው፣ ባለ 8 ቀዳዳ ሲበሳ አይሰነጠቅም፣ ለነገሩም ይስማማል። ግንዱ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ውስጥ ተተክሎ ግማሹ አርማታ ይሞላ። 12 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ጉርኙ በጠቅላላ 4 ኪሎ ቢመጣ ልጅ ቢገፋውም አይወድቅም።

ለሥጋው ቀርከሃ ስንጥቁ። 1 ሳ.ሜ. ስፋት ያላቸውን ስንጥቆች ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሯቸው፣ ሳይሰበሩ ይታጠፋሉ። አምስት ቀለበት፦ አንገት 11፣ ደረት 20፣ መሃል 18፣ ወገብ 16፣ ዳሌ 18 ሳ.ሜ. ስፋት። በአከርካሪው ላይ ታስረው በአራት ቁመታዊ ስንጥቅ ይያያዛሉ። በላዩ የቡና ጆንያ ተቀዶ ሙጫ ነክሮ ይለበጣል። ውስጡ ባዶ ይሁን! ሆዱ ላይ የመዳፍ ስፋት ቀዳዳ ተዉለት፣ ሲቆም አይታይም። የሻገተባችሁ ሆዱ በጋዜጣ ስለተሞላ ነው፤ የላዩ ቶሎ ይደርቃል፣ የውስጡ እርጥበት መውጫ አያገኝም። የሻገተውን በቀለም ለመሸፈን አትሞክሩ፣ ሻጋታው ቀለሙን ገፍቶ ይወጣል። አውጥታችሁ ጣሉት፤ ስትቀዱት አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ጭንቅላቱ ለብቻው ይሠራል። የተጠቀለለ ጋዜጣ በፌስታል አሽጉ፣ በላዩ አራት ድርብ ወረቀት ለጥፉ፣ ሲደርቅ በምላጭ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ውስጡን አውጡና መልሳችሁ ግጠሙት። ከ400 ግራም እንዳይበልጥ። አንገት ላይ የሚወጣው ከደረቀ በኋላ ብቻ ነው።


የቃጫ ልጅ

ፌሮ ቆራጭ ሙጫውን ዘሎታል። አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት በአንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፣ አራት ስኒ የፈላ ውሃ ጨምሩ፣ እያማሰላችሁ መልኩ ብርሃን አሳላፊ እስኪሆን አብስሉት። ያልበሰለ ሙጫ ሲደርቅ ይሰባበራል። በዚያው ቀን ይለቅ፣ ካደረ ይኮመጥጣል። ለውስጠኞቹ ሦስት ድርብ ይህ ይበቃል፤ ለላይኛው ሁለት ድርብ ነጭ የእንጨት ኮላ ከውሃ ጋር እኩል ቀላቅሉ። ሻጋታ ምግብ የሚያደርገው ዱቄቱን ነው፣ ኮላው ይዘጋበታል።

«ጨው ጨምሩበት» የሚላችሁ አይጠፋም። ጨው የአየሩን እርጥበት ይስባል። በጅማ ክረምት ጨው ማስቀመጫው ራሱ ሲያልበው እናያለን፤ ሞዴሉም እንደዚያው ያልበዋል። ተዉት።

የመድረቁ ነገር በእጅ ዳሰሳ አይታወቅም። በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት። ማታ መዝናችሁ ጻፉ፣ ጠዋት መዝናችሁ ጻፉ፣ ማታ ድገሙት። ሦስቱም ከ10 ግራም በላይ ካልተለያዩ ቀጣዩን ድርብ ጨምሩ። በበጋ በአንድ ቀን የሚደርቀው አሁን ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ይህን ቆጥራችሁ ጀምሩ። ለማፍጠን ብላችሁ በተዘጋ ክፍል ከሰል እንዳታነዱ፣ የማይታየው ጋዙ ይገድላል። ቬንትሌተር ካለ ከሆዱ ቀዳዳ በኩል ይነፋበት።

ጸጉሩ በጥጥ አይሆንም፣ ጥጥ ርዝመትም ክብደትም የለውም። የእንሰት ቃጫ ግዙ፣ ግማሽ ኪሎ ይተርፋችኋል። በሳሙና እጠቡት፣ ፀሐይ ስትገኝ አስጡት፣ በሚዶ አበጥሩት፣ እንደ ሐር ይወርዳል። ለጥቁሩ ስፌት ሰፊዎች ሰንደዶና አክርማ የሚነክሩበትን የዱቄት ቀለም ተጠቀሙ፤ ግማሽ ሰዓት አብሮ ይፍላ፣ እዚያው ይቀዝቅዝ፣ ቀለሙ እስኪቆም እጠቡት። ኮምጣጤ የሚረዳው ሱፍ ሲነከር ነው፣ ቃጫ የተክል ነው፣ አይጠቅመውም። ሳይታጠብ የተለጠፈ ጥቁር ቃጫ ነጩን ጎፈር ያቆሽሻል። ጥቁርና ነጭ ጎን ለጎን ለሆነበት እንስሳ ደግሞ ከዚህ የባሰ ጉዳት የለም።

አለጣጠፉ እንደ ጎጆ ክዳን ነው፦ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት። የእርሳስ ውፍረት ያለው ጭብጥ ቃጫ ይያዝ፣ ሥሩ ብቻ 1 ሳ.ሜ. ኮላ ይነከር፣ ይለጠፍ። ቀጣዩ ረድፍ 3 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ የታችኛውን ሥር ይሸፍናል። ኮላው ከሥሩ አልፎ ከወጣ ጸጉሩ እንደ መጥረጊያ ይቆማል። የላይኛው ረድፍ ከመለጠፉ በፊት የታችኛው ይድረቅ።

የሁለቱ እንስሳት ጸጉር ደግሞ እርስ በርሱ ቦታ ይለቃል። የጉሬዛ ነጭ ጎፈር ከትከሻ ተነስቶ በሁለቱ ጎን ወርዶ ወገብ ላይ ይገናኛል፤ መሃል ጀርባው ባዶ ጥቁር ነው። የጥርኝ ጋማ የሚቆመው ደግሞ በትክክል እዚያ መሃል ላይ ነው። ጎፈሩን 20 ሳ.ሜ. አርዝሙት፣ ጋማውን 6 ሳ.ሜ. አሳጥሩት፣ ጋማው በጣት ወደ ላይ ይታሽ። ጥርኝ ሲደነግጥ ጋማውን አቁሞ ትልቅ ይመስላል። ፊቱ ላይ የጥርኝን ጥቁር የዓይን ጭምብል ተዉለት፣ ጉንጩ ዙሪያ ብቻ የጉሬዛ ነጭ ጢም። የጥርኝን ነጠብጣብ ደግሞ ጭኑ ላይ ብቻ ሥሩት፣ ሁሉ ቦታ ከሆነ ከሩቅ አይለይም።


ጥያቄ አብዛኝ

ቤታቸው አሮጌ የጉሬዛ ቆዳ ምንጣፍ ያላቸው ሰዎች አሉ። እሱን ቆርጦ መለጠፍ አይቀልም?


ሐኪመ እንስሳ

አይሆንም። የዱር እንስሳ ቆዳ ያለ ፈቃድ መያዝና ማዘዋወር በሕግ ያስጠይቃል፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ከሆነማ ለልጆቹ የምታስተምሩት ሌላ ነው። ከዚያም አልፎ አሮጌ ቆዳ ብልና ነቀዝ ይዞ ይመጣል፣ በአንድ ክረምት ቃጫውንም ጆንያውንም ይጨርሰዋል። ቃጫው ይበልጣል።


ሳይንስ ክበብ ጅማ

እጅግ እናመሰግናለን። ልጆቹ ተነጋግረው ቅጠሉን ጥለው ቡናውን ይዘዋል። ለቅጠሉ የተከራከሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፣ እነሱም ግልገሉን እንዲሠሩ ተሰጣቸው። ሦስት ነገር ቀረን። አንደኛ፣ የሚበራው ዓይን በምን ይሠራ? ሁለተኛ፣ ግልገሉ ምን ይምሰል? ሦስተኛ፣ አንድ ወላጅ እውነተኛ ዝባድ እናምጣ ብለዋል፣ ጎብኚው እንዲያሸተው።


አውሬ ቆጣሪ

ዓይኑን በብይ ሥሩት። ግልጽ የሆነች፣ ውስጧ ቀለም የሌላት 2 ሳ.ሜ. ያህል ብይ። ከጀርባዋ ግማሹን በአልሙኒየም ወረቀት አልብሱ፣ የሚያበራው ገጽ ወደ ብይዋ። በአልሙኒየሙና በብይዋ መካከል ቢጫ አረንጓዴ የከረሜላ ላስቲክ አስገቡ፣ የሚያዩት መልክ የዚያ ይሆናል። ብሌኑን ከፊት በጥቁር ቀለም ነጥብ ስትሠሩ ከ6 ሚ.ሜ. አይብለጥ፣ ከሰፋ ብርሃኑን ይዘጋል። ክፍሉን ጨለም አድርጋችሁ ለጎብኚው ባትሪ ስጡት። አንድ ስህተት አለ፦ ባትሪውን ከጎን ከያዘ አይበራለትም። ጎብኚው ከራሱ ዓይን አጠገብ፣ ግንባሩ ጋ ይያዘው፤ ብርሃኑ የሚመለሰው ወደ መጣበት ነው።

ግልገሉ ላይ እንደገና ሥርዓት ምረጡ። የጉሬዛ ልጅ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ ይወለዳል፣ ብቻውን ነው፣ እናቱ ሆድ ላይ ተጣብቆ ይጓዛል። ጥርኝ ከአንድ እስከ አራት ይወልዳል፣ ጉድጓድ ወይም ጥሻ ውስጥ ይደብቃቸዋል። እናቲቱ የምትዘል ከሆነች አንድ፣ ነጭ፣ የተጣበቀ ይሁን። አራት ግልገል ሆዷ ላይ ይዛ የምትዘል አትኖርም።


ሐኪመ እንስሳ

ዝባዱን ተዉት። ያልተበረዘ ዝባድ ሽታው ሽቶ አይደለም፣ ኩስ ኩስ ነው የሚለው። የሚያምረው በጣም ሲቀጥን ነው፣ ሽቶ ሠሪዎችም የሚያደርጉት ያንን ነው። የክብሪት ራስ የምታህል ብትነካው ክፍሉ ለሳምንታት አይለቅም፣ ዋጋውም ለጨዋታ አይሆንም። በምትኩ ዝባድ በቀንድ ተሞልቶ ወደ ገበያ ይወጣ እንደነበር የሚያሳይ ባዶ የበሬ ቀንድ አስቀምጡ፣ ጎኑ ላይም ዝባድን ሽታ የሚሰጠው ሲቬቶን የሚባለው ውህድ መዋቅሩ እ.ኤ.አ. በ1926 ሩዚችካ በተባለ ኬሚስት እንደተለየ ይጻፍ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1939 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

እጢው የት እንዳለ ልጆቹ መጠየቃቸው አይቀርም፦ ከጅራቱ ሥር፣ በፊንጢጣና በብልት መካከል። ጥርኝ መሬት ላይ ቆሞ ግንድና ቁጥቋጦ ላይ ይቀባል፣ የሚቀባበት ከፍታ ከዳሌው ጥቂት ዝቅ ብሎ የእጢው ልክ ነው። ስለዚህ ቡናው ግንድ ላይ ከመሬት 40 ሳ.ሜ. ገደማ ላይ ጥቁር ቡናማ የቅባት ምልክት በቫርኒሽ ሥሩ።


ሳይንስ ክበብ ጅማ

ገባን። አንድ ቀረ፦ ከትምህርት ቤቱ እስከ ኤግዚቢሽኑ አዳራሽ የሚሄደው በባጃጅ ነው። ከነጅራቱ 145 ሳ.ሜ. ስለሆነ እንዴት ይገባል?


ፌሮ ቆራጭ

ጅራቱን ከአከርካሪው ጋር አትሰሩት እንግዲህ፣ ያልኩትን ልቀይር። ውስጡ ከ6 ሚ.ሜ. ጥቂት የሚሰፋ 25 ሳ.ሜ. የብረት ቱቦ አከርካሪው ላይ እሰሩ፣ ጅራቱ እዚያ ውስጥ ተሰክቶ ይገባል። ቱቦው ወደ ታች ያጋደለ ይሁን፣ ጅራቱ ቁልቁል ስለሚወርድ። በሽቦ ሚስማር አንድ ቦታ ተበስቶ ይቆለፍ፣ ካልሆነ ልጅ ጎትቶት ይሄዳል። መጋጠሚያውን የዳሌው ጸጉር ይሸፍነዋል፣ የመጨረሻውን ረድፍ ቃጫ ግን ከአካሉ ላይ ለጥፉ እንጂ ከጅራቱ ላይ አይሁን።

ባልዲው ከነግንዱ ለብቻው ወለሉ ላይ ይሂድ፣ ጉርኙ እግሮቹ ከቀዳዳው ተነቅለው መቀመጫው ላይ በጀርባው ይተኛ። ጋማው እንዳይታሽ ከሥሩ አሮጌ ጋቢ አንጥፉ። ዝናብ ከሆነ የባጃጁ ሸራ በሁለቱም ጎን ይውረድ፣ ቃጫ አንዴ ከረጠበ ለማበጠር ግማሽ ቀን ይወስዳል።